የልደታ አየር ስንት ይመዝናል?

ልደታ ሲባል ለብዙው ሰው ፊቱ ላይ የሚደቀነው ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ጠበቃ፣ ውሳኔ። ለምዕመናኑ ደግሞ ግንቦት አንድ ቀን ናት፤ ንፍሮው፣ ቡናው፣ የጎረቤት መሰባሰቡ። ዕድሜያቸው የገፋ የአዲስ አበባ ሰዎች ግን ልደታን በሌላም ነገር ያውቋታል፤ በአውሮፕላን።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ሲያደርግ ቦሌ የሚባል ኤርፖርት ገና አልነበረም። ከተማዋ አውሮፕላን የምትቀበለውና የምትሸኘው በልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬም ድረስ “ኦልድ ኤርፖርት” እያልን የምንጠራው ሰፈር ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። አየር መንገዱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦይንግ 720 የተባለውን ጄት ለማስገባት ሲያስብ ግን የልደታ መንደርደሪያ አልበቃ አለ። ቦሌ ተሠራ፤ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ልደታም “አሮጌው” ተብላ ቀረች።

የታሪክ መጻሕፍት “መንደርደሪያው አጭር ስለነበር” ብለው ያልፉታል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ጎደሎ ነው። አጭር የሚባለው ከምን አንፃር ነው? ያው አውሮፕላን፣ ያንኑ ጭነት ይዞ፣ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ቢነሣ የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ከአዲስ አበባው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በልደታ መንደርደሪያ ላይ የተሰጠው ፍርድ አንድ ተከሳሽ ዘሏል። እሱም አየሩ ነው። የልደታ አየር ቀላል ነው። ከባሕር ወለሉ አየር ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ሦስት ሩብ ገደማ ብቻ ነው።

ለመሆኑ አየር ክብደት አለው? ካለውስ ለምን ከቦታ ቦታ፣ ከሰዓት ሰዓት፣ ከወር ወር ይለያያል? ጉዳዩ የፊዚክስ መምህራን ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ከምንቀቅለው ንፍሮ ጀምሮ እስከ ክረምቱ ዝናብ፣ ከክሊኒክ ዕቃ እስከ ጨረታ ሰነድ ድረስ እጁን ያላስገባበት የለም። ለዚህ ነው ሕግ የተማረ ሰው ስለ አየር ግፊት ለመጻፍ የተነሣው።

ከጉድጓድ የተገኘው እውቀት

ነገሩ የተጀመረው በውኃ ጉድጓድ ነው። በጣሊያን አገር የፍሎሬንስ አካባቢ ሰዎች በመምጠጥ የሚሠራ ፓምፕ ውኃን ከአሥር ሜትር ገደማ በላይ ማውጣት እንደማይችል አስተዋሉ። ፓምፑ ቢጠበቅ፣ ቢታደስ ለውጥ የለም። የጋሊሊዮ ደቀ መዝሙር የነበረው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1640ዎቹ መልሱን አገኘ። ፓምፑ ውኃውን “አይስበውም”። ፓምፑ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በውጭ በኩል ጉድጓዱ ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። ያ ክብደት መሸከም የሚችለው የአሥር ሜትር ውኃ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ቶሪቼሊ ይህንን በሜርኩሪ ሞከረው። ሜርኩሪ ከውኃ ከ13 ጊዜ በላይ ስለሚከብድ የአሥር ሜትሩ ቁመት ወደ 76 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ። ባሮሜትር የምንለው መሣሪያ እንዲህ ተወለደ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእህቱን ባል ሜርኩሪውን ይዞ ተራራ እንዲወጣ ላከው። ተራራው ጫፍ ላይ ሜርኩሪው በብዙ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከላዩ የቀረው አየር ትንሽ ስለሆነ የሚጫነውም ትንሽ ነው ማለት ነው።

ይህን ሙከራ ለመድገም ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልግም። ከልደታ ተነሥቶ እንጦጦ ጫፍ ለወጣ ሰው ሜርኩሪው አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይልለታል። ሜርኩሪ ለሌለው ደግሞ የታሸገ ውኃ ፕላስቲክ፣ “ሀይላንድ” የምንለው፣ ይበቃዋል። ወደ ጎጃም ስትጓዙ ጎሐ ጽዮን ላይ ውኃውን ጠጥታችሁ ባዶውን ፕላስቲክ አጥብቃችሁ ክደኑት። ዓባይ ድልድይ ስትደርሱ ማንም ሳይነካው ተጨማድዶ ታገኙታላችሁ። በረሃው ውስጥ ለመግባት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችኋልና ከውጭ ያለው አየር በርትቶበታል። ጆሯችሁ የሚደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በቁጥር እናስቀምጠው። የአየር ግፊት የሚለካው ዛሬ ሄክቶፓስካል በሚባለው፣ የቆየ ስሙ ሚሊባር በሆነው መለኪያ ነው። ሁለቱ በቁጥር አንድ ናቸው። በባሕር ወለል አማካዩ ግፊት 1,013 ሚሊባር ነው፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ማለት ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ልደታ ግን ወደ 770 ሚሊባር ይወርዳል። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ800 ግራም ትንሽ ያነሰ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። በተዘረጋ የእጅ መዳፍ ላይ ከነጣቶቹ የሚያርፈው አየር ከአንድ ኩንታል ጤፍ በላይ ይመዝናል።

ታዲያ እጃችን ለምን አይሰበርም? አየር እንደ ጆንያ ከላይ ብቻ የሚጫን ሸክም ስላልሆነ ነው። ከላይ የሚጫነውን ያህል ከታችም ከጎንም ይገፋል። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ፈሳሽና አየርም በዚያው መጠን ወደ ውጭ ይገፋል። ግፊት የሚሰማን ሁለቱ ወገኖች እኩል መሆናቸው ሲቀር ብቻ ነው።

ከፍታ፦ ትልቁ ምክንያት

ግፊት እንዲለያይ ከሚያደርጉት ምክንያቶች የሚበረታው ከፍታ ነው። የጥጥ ክምር አስቡ። ከሥር ያለው ጥጥ የላዩን ሁሉ ስለተሸከመ ታፍኖ ተጠቅጥቋል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ተንሳፎ ሳስቷል። አየርም እንዲሁ ነው። ውኃ ግን እንዲህ አይደለም። ውኃ አይታመቅምና ወደ ጥልቀቱ በወረድን ቁጥር ግፊቱ በእኩል እርምጃ ይጨምራል። አየር ስለሚታመቅ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ስስ ነው። ስለዚህም መጀመሪያ ላይ ግፊቱ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል፤ እየወጣን ስንሄድ ቅነሳው ይዘገያል።

ይህን ለማየት ኢትዮጵያን የመሰለ አገር ጥቂት ነው። ዳሎል አካባቢ የአፋር ምድር ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትርን አልፎ ይወርዳል፤ እዚያ የቆመ ሰው ከባሕር ዳር ሰው የበለጠ አየር ተሸክሟል። ራስ ዳሽን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ላይ የቆመ ደግሞ የሚተነፍሰው የባሕር ወለሉን ከግማሽ ትንሽ የሚበልጥ አየር ነው። በአንድ ፓስፖርት፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ይህን ያህል የአየር ልዩነት አለ።

አውሮፕላን በስስ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይቀጣል። ክንፉን የሚያነሣው በላዩና በሥሩ የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ በሩብ ያህል ሲሳሳ አውሮፕላኑ ያንኑ ክብደት ለማንሣት መሬት ላይ 15 በመቶ ገደማ የፈጠነ ሩጫ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ሞተሩ ራሱ አየር የሚበላ ነውና የሚያገኘው ሲያንስ ጉልበቱም ያንሳል። ሩጫው ጨምሮ ጉልበቱ ሲቀንስ መንደርደሪያው መርዘም አለበት፤ አለዚያ ጭነት ወይም ነዳጅ ይቀነሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ለነዳጅ እያረፈ ሄዶ፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባ የነበረው አንድም ለዚህ ነው። ወደ ምዕራብ ሲበር ፊት ለፊት የሚገጥመው ነፋስም የራሱ ድርሻ ነበረው። ዋሽንግተን ግን ለባሕር ወለል ቅርብ ናትና ታንኩን ሞልቶ መነሣት ይቻላል። አዲሱን ትልቅ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አቅራቢያ ለመሥራት ሲታሰብም ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ቦታው ከቦሌ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ማለቱ ነው። ከልደታ ወደ ቦሌ ስንሄድ መንደርደሪያውን አስረዘምን፤ ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ ደግሞ ወፍራም አየር ፍለጋ ቁልቁል ወረድን።

ሙቀት፣ እርጥበትና ሰዓት

በአንድ ቦታ ቆመንም ግፊቱ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ምድር ስትግል በላይዋ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ወደ ጎን ይፈሳል። በቦታው የቀረው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል። ምድር ስትቀዘቅዝ አየሩ ይሰበሰባል፤ ይወርዳል፤ ግፊቱም ይጨምራል።

እርጥበትን በተመለከተ በልማድ የምናስበው የተገላቢጦሽ ነው። አየሩ ሲታፈን “ዛሬ አየሩ ከብዷል” እንላለን። እውነቱ ግን እርጥብ አየር፣ ሙቀቱና ግፊቱ እኩል ከሆነ፣ ከደረቅ አየር ይቀላል። የውኃ እንፋሎት ቅንጣት ከናይትሮጂንና ከኦክስጅን ቅንጣት የቀለለች ስለሆነች እነሱን ተክታ ስትገባ ጠቅላላው ክብደት ይቀንሳል።

ለእኛ ለምድር ወገብ ጎረቤቶች ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። በዚህ አካባቢ ባሮሜትር ከሞላ ጎደል እንደ ሰዓት ይሠራል። ፀሐይ ከፍተኛውን አየር ስታሞቀው እንደ ባሕር ማዕበል ያለ እንቅስቃሴ ይፈጠራል። በዚህም ምክንያት ግፊቱ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ሌሊት 10 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊባር ቢሆንም አይታጎልም። ልደታ ችሎት ጠዋት የገባ ባለጉዳይ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ጉዳዩ ባይቀልለት እንኳ አየሩ ቀሎለታል።

አውሮፓ ውስጥ በየሳሎኑ የሚሰቀል ክብ ባሮሜትር ነበር። ፊቱ ላይ “ማዕበል”፣ “ዝናብ”፣ “ተለዋዋጭ”፣ “ብራ” ተብሎ ተጽፏል። ይህን መሣሪያ ሳያስተካክሉ አዲስ አበባ ቢሰቅሉት ቀስቱ ከማዕበል አልፎ ከሰሌዳው ይወጣል። በእርግጥም በባሕር ወለል ላይ ከተለካው ሁሉ ዝቅተኛው ግፊት እ.ኤ.አ. በ1979 ፓስፊክ ላይ በታይፉን ቲፕ መሐል የተመዘገበው 870 ሚሊባር ነው። እኛ ከዚያ 100 ሚሊባር ዝቅ ባለ ግፊት ውስጥ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን፤ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ማዕበል የሚያመጣው የግፊቱ ማነስ ሳይሆን በጎረቤት ቦታዎች መካከል በእኩል ከፍታ ሲለካ የሚገኘው ልዩነት ነው። ነፋስ ማለት አየር ከበዛበት ወዳነሰበት ሲሄድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበትን እናጥራ። የእጅ ስልካችሁን ከፍታችሁ የአዲስ አበባን የአየር ሁኔታ ብታዩ ግፊቱ 1,015 ወይም 1,020 ነው ሊላችሁ ይችላል። ከላይ ደግሞ 770 ብለናል። ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። የሜቴዎሮሎጂ ባለሙያዎች የአዲስ አበባን ከጅቡቲ፣ የካርቱምን ከናይሮቢ ለማነጻጸር የከፍታውን ልዩነት በስሌት ያነሡለታል፤ ሁሉንም ባሕር ወለል ላይ እንዳሉ አድርገው ይጽፉታል። ሁለት ሰዎችን በአንድ ሚዛን ለመዳኘት አንዱ የቆመበትን በርጩማ እንደማንሣት ነው። ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር የስሌት ውጤት ነው። ሳንባችሁ የሚያውቀው 770ውን ነው።

ክረምትን የሚጠራው

በርጩማው ሲነሣ የሚቀረው ጥቂት ሚሊባር ልዩነት ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ዕድል ያለው እዚያ ጥቂት ውስጥ ነው።

በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትገፋ የሰሃራና የዓረብ ምድር ይግላል። አየሩ ይነሣል፤ እዚያ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጠራል። በዚያው ወቅት በደቡቡ የምድር ክፍል ብርድ ነው። በደቡብ አትላንቲክ በሴንት ሄለና ደሴት ዙሪያ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ከማዳጋስካር ወዲያ በማስካሪን ደሴቶች ዙሪያ ከፍተኛ ግፊት ይጠናከራል። እነዚህ ሁለት ስሞች በአገራችን የሜቴዎሮሎጂ ትንበያ ውስጥ ሁልጊዜ የሚነሡ ናቸው። አየሩ ከእነሱ ተገፍቶ በኮንጎ ደንና በውቅያኖሱ ላይ እርጥበት እየተሸከመ ይመጣል። የእኛን ደጋ ሲያገኝ ሽቅብ ለመውጣት ይገደዳል። ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ጠብታ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ማለት ይኸው ነው።

በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። የእስያና የዓረብ ምድር ቀዝቅዞ ከፍተኛ ግፊት ይቀመጥበታል። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ሆኖ ይመጣል። የኅዳርና የታኅሣሥ ጥርት ያለ ሰማይና የጠዋት ውርጭ ከዚያ ነው።

ሚዛኑ የሚዛባበት ጊዜም አለ። በቅኝ ግዛት ዘመን የሕንድን የሜቴዎሮሎጂ አገልግሎት ይመራ የነበረው እንግሊዛዊው ጊልበርት ዎከር አንድ አስገራሚ ነገር ለይቶ ነበር። በፓስፊክ ውቅያኖስ በአንደኛው ጫፍ ግፊት ሲጨምር በሌላኛው ጫፍ ይቀንሳል፤ እንደ ልጆች የእንጨት ሚዛን። ዛሬ ይህ ውጣ ውረድ የሚለካው በታሂቲ ደሴትና በአውስትራሊያዋ ዳርዊን ከተማ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድልና የፓስፊክ ውኃ ሲሞቅ ኤልኒኖ ይባላል። የእኛም ክረምት ብዙ ጊዜ ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይህ ነው። ዝናቡ በሰሜንና በምሥራቅ ቀረ፤ በ2008 ዓ.ም. የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ዳርዊንን በካርታ አይቷት የማያውቅ የወሎ ገበሬ የዳርዊን ባሮሜትር ዕዳ ከፈለ።

ሰዉ ለምዷል፤ ዕቃው አልለመደም

የደጋ ሰው ከስስ አየር ጋር ከታረቀ ሺህ ዓመታት ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ የደማቸው የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። የአንዲስም የቲቤትም ሰዎች በዚህ መንገድ አልሄዱም። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒክ በ2,240 ሜትሯ ሜክሲኮ ሲቲ ሲደረግ ከቆላ የመጡ የረዥም ርቀት ሯጮች ሲተነፍሱ ጉሮሯቸው እየነደደ፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። ያው ስስ አየር ለአሜሪካዊው ቦብ ቢመን ደግሞ መንገድ ለቀቀለት፤ 8 ሜትር ከ90 ዘለለ።

ስለዚህ ችግሩ ከሰዉ አይደለም። ችግሩ ከባሕር ወለል ቁጥራቸውን ይዘው በሚመጡ ዕቃዎችና መመሪያዎች ላይ ነው። አራቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የፈላ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ለግንቦት ልደታ የተጣደ ንፍሮ ቶሎ የማይበስለው ባቄላው ክፉ ሆኖ አይደለም። ውኃው ከ92 በላይ መሞቅ ስለማይችል፣ እሳቱን ብታነድዱበትም ትርፉ እንፋሎት ብቻ ነው። በተለምዶ ፕሬዠር የምንለው ድስት እዚህ አገር ቅንጦት ያልሆነው ለዚህ ነው። የመጠጥ ውኃ በማፍላት ማጽዳትን በተመለከተ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል በዝቅተኛ ቦታ ለአንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ግን ለሦስት ደቂቃ ይፍላ ይላል። እኛ የሦስት ደቂቃው ወገን ነን።

ሁለተኛው ፓምፕ ነው። የቶሪቼሊ አሥር ሜትር እዚህ አይሠራም። በእኛ አየር አንድ የሚመጥ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ውኃ ማውጣት የሚችለው ከስምንት ሜትር ባነሰ ጥልቀት ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በካታሎጉ ተማምኖ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ፓምፑን “ፎርጅድ ነው” ብሎ ቢከስ ፓምፑ ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ጄኔሬተር ነው። ሞተር ነዳጅ ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። በባለሙያዎች ሻካራ ስሌት ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታው አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሳህኑ ላይ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚል ጄኔሬተር አዲስ አበባ ሲገባ ወደ 80 ሊጠጋ ይችላል። ገንዘቡ ግን የተከፈለው ለ100 ነው። ሙሉ ጭነት ሲጫንበት ይጨሳል፤ ይግላል፤ ዕድሜው ያጥራል።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የሕክምና መሣሪያዎች ከተሕዋስያን የሚጸዱበት አውቶክሌቭ በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። የአሮጌዎቹና የቀላሎቹ መመሪያ የሚናገረው በሙቀት ሳይሆን በግፊት ነው፤ “ቀስቱ 15 ሲደርስ” ይላል፤ 15 ፓውንድ በካሬ ኢንች ማለት ነው። ይህ ቀስት የሚቆጥረው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። በባሕር ወለል የውጩ አየር ራሱ ብዙ ስለሚያዋጣ ድምሩ 121 ዲግሪ ይሞላል። ልደታ ላይ የውጩ አየር መዋጮ በሩብ ጎድሏል። ቀስቱ 15 ላይ ቢቆምም ውስጥ ያለው ሙቀት 117 ገደማ ነው። 121 እንዲሞላ ቀስቱ ወደ 19 መጠጋት አለበት። መሣሪያው ይህን የሚችል መሆኑን የሚያውቀው ባለሙያው ስለሆነ ማንም ከጋዜጣ አንብቦ ቀስት እንዳያሽከረክር። ሙቀቱን በቀጥታ የሚለኩት ዘመናዊዎቹ ይህ ችግር የለባቸውም። በግፊት ብቻ ለሚሠሩት ግን አራት ዲግሪ ማለት የተቀቀለ መሳይ ነገር ግን ያልጸዳ መቀስ ሊሆን ይችላል። በመቀሱ የሚነካው ሰው ስለ ቶሪቼሊ አያውቅም። የማወቅ ግዴታም የለበትም። ግዴታው የገዢው፣ የሻጩና የተቆጣጣሪው ነው።

አንዲት መስመር

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሽያጭ ሲደነግግ፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ዳኛ የሚመዝነው ውሉ ላይ የተጻፈውን ነው። ውሉ “100 የሚል ጄኔሬተር” ካለ፣ ሻጩም ሳህኑ ላይ 100 የተጻፈበትን ካቀረበ፣ ክርክሩ ለገዢው ዳገት ነው። ሻጩ “በፋብሪካው መመዘኛ መሠረት አስረክቤያለሁ” ይላል። ሐቁን ነው። ፋብሪካው ግን ባሕር ዳር ነው። የሚጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ የመንግሥት፣ ማለትም የሁላችን የሆነ ገዢ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በእያንዳንዱ የጨረታ ሰነድ፣ ሞተርም ይሁን ፓምፕ፣ ኮምፕሬሰርም ይሁን የሕክምና ዕቃ፣ አንዲት መስመር ትግባ፦ “የተጠቀሰው አቅም በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ አቅም ነው።” ለመቐለ የእሷ ከፍታ፣ ለደብረ ብርሃን የእሷ ከፍታ ይጻፍ። ቦታውን የሚያውቀው ገዢው ነውና ቁጥሩን የመጻፍ ኃላፊነትም የእሱ ነው። ይህች መስመር ካለች ሻጩ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ካታሎጉን እንደገና ያነብባል፤ ያላነበበም እንደሆነ ልደታ ችሎት ላይ መልስ ያጣል። ካለች በኋላ ደግሞ ብዙው ክርክር ልደታ ሳይደርስ ያልቃል።

የውጭ ሕግ ሲቀዳ “ከአገራችን ሁኔታ ጋር ይጣጣም” እያልን መጮህ ለምደናል፤ መልካም ልማድ ነው። የውጭ ቁጥር ሲቀዳ ግን ማንም አይጮህም። ቁጥር የትም ቢሄድ ያው ቁጥር ስለሚመስለን ነው። 100 ዲግሪ፣ 10 ሜትር፣ 15 ፓውንድ የተባሉት ግን ሁሉም አገር አላቸው፤ አገራቸውም የባሕር ዳርቻ ነው። አየር መንገዳችን ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የቀኑን ግፊትና ሙቀት ሳያሰላ አይንደረደርም፤ ቢሳሳት ቅጣቱ እዚያው መንደርደሪያው መጨረሻ ላይ ይጠብቀዋልና። የክሊኒኩና የግዥ ክፍሉ ስሕተት ቅጣት ግን ዘግይቶ፣ ተበታትኖ፣ በሌላ ሰው ላይ ይወድቃል። ሕግ የሚያስፈልገውም ስሕተቱና ቅጣቱ በተለያዩ ሰዎች ላይ ሲያርፉ ነው።